ይቀመጥ የተባለ መልቀቂያ

ይመሬ፣

እንደምን ከርመሃል አልልህም፤ የት እንደከረምክ አላውቅም። ጤናህንም አልጠይቅም፤ የጤናው ነገር አብቅቷል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ይታዘዘኛል፣ ዓይኔም እንዳለ ነው፣ ምላሴን ደግሞ ታውቃታለህ። ከተለያየን በዚህ ነሐሴ ሦስት ዓመት ሞላን። ይህን ሁሉ ጊዜ ሳልጽፍልህ የቀረሁት ረስቼህ አይደለም፣ ፈርቼ ነው። ለአንተ ደብዳቤ ሲጻፍ ምን እንደሚሆን አንዴ አይቻለሁ።

ዛሬ ግን ልጽፍ ግድ ሆነብኝ። ትናንት ሥራ ለቀቅሁ። አንተ እንደምትወደው፣ በወጉ፦ ማመልከቻ አስገብቼ፣ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ፣ ወሩን አንድ ቀን ሳላጎድል ሠርቼ፣ በእጄ ያለውን ንብረት እስከ ወረቀት መብሻው አስረክቤ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ጣቶቼ ሥራ ፈተው ጠረጴዛውን ይመታሉ። ትናንት በርክክቡ ላይ ያገኘሁትን ነገር ደግሞ ከአንተ በቀር የምነግረው ሰው የለኝም።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ያፈስ የነበረውን ጣሪያ ወንድምህ መጥቶ ቆርቆሮውን ቀይሮልኛል፤ ዘንድሮ ባልዲ ሳልደረድር ከረምኩ። ከጓሮ የተከልካት ብርቱካን አፈራች፤ የመርሳ ብርቱካን እኮ ናት እያልክ የምትመጻደቅባት ማለቴ ነው። ሎሚ ብትባል ይሻላታል። ጎረቤት ሳድላቸው አመስግነው ይቀበሉኛል፣ ሲበሏት ግን አላየሁም። ልብስህን ለነዳያን አከፋፈልኩ፣ ግራጫ ኮትህን ግን እጄ እምቢ አለኝ፣ አሁንም ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። እናትህ ሐራ ከተማ ብቻቸውን ናቸው። አንደኛው ዓይናቸው ጨልሟል፣ ሌላኛውም እየደከመ ነው። ሥራ የለቀቅሁት ለእሳቸው ብዬ ነው፤ ከእንግዲህ አብሬአቸው እኖራለሁ። ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ዳብሰው በአንተ ስም ይጠሩኛል፤ እኔም አቤት እላለሁ።

አሁን ወደዚያች ቢሮአችን ልመልስህ። አንተ መዝገብ ቤት፣ እኔ ታይፕ ክፍል፣ በመካከላችን ደብዳቤ የምናሳልፍባት አንዲት መስኮት። የተዋወቅነው በእሷ ነው። መጀመሪያ የሰጠኸኝ ነገር ስህተቱ በእርሳስ የተከበበ ደብዳቤ ነበር። ሥራን በእሳቱ ሰ ጽፌው ኖሮ፣ በንጉሡ ሠ ካልተጻፈ ከዚህ ቢሮ አይወጣም ብለህ መለስክብኝ። የታይፕ መኪናዬ ሠ እየተጣበቀች ታስቸግረኝ ስለነበር ነው እንጂ ፊደል መለየት አቅቶኝ አይደለም፤ ይህን እስክትሞት ድረስ አላመንከኝም። ከተጋባን በኋላም ቢሆን አንድ ቀን አልማርከኝም። ጠዋት አንድ ማዕድ ቀርበን፣ ከረፋዱ ላይ ወረቀቴን ከብበህ ትመልስልኛለህ። ወይ አንተ!

መልስ ያላገኘ ደብዳቤ ፋይሉ አይዘጋም ትል ነበር። ሌላው ሠራተኛ እንደ ቀልድ ይሰማሃል፣ አንተ ግን የምርህን ነበር። በዚያ የመጨረሻ ዓመትህ ላይ ታዲያ ደብዳቤው በዛ። ወደ ሰፈራ የተወሰዱ ዘመዶቻቸውን የሚጠይቁ ገበሬዎች ከየቀበሌው እያስጻፉ ያመጡ ነበር፦ ወንድሜ በደህና ደርሷል ወይ፣ እናቴ በሕይወት አለች ወይ። አንተ ቁጥር ሰጥተህ ለኃላፊያችን ለጓድ ታደለ ታስገባለህ፤ እሱ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቃል ይጽፍበትና ይመልስልሃል፦ ይቀመጥ። ወረቀቱ ይቀመጥ፣ መልስ አያስፈልገውም ማለት ነው። ሌላ ቃል አያውቅም እንዴ እስክንል ድረስ ሁሉም ላይ ይቀመጥ ነው። ወረቀቱ መሳቢያውን ሞልቶ ወደ ሣጥን፣ ሣጥኑን ሞልቶ ወደ ወለል ወረደ። ባለጉዳዮቹ ደግሞ ከቢሮው ግንብ ሥር ቁጭ ብለው ይጠብቁሃል። ምሳ መብላት ተውክ። አንድ ቀን ከቢሮ ስንመለስ፣ እነዚህ ሰዎች ሲያዩኝ የዋሸኋቸው እኔ ነኝ የሚመስላቸው አልከኝ። 

በነሐሴ መጀመሪያ ሳምንት አንድ ጠዋት በመስኮቷ አምስት ረቂቅ አሳለፍክልኝ። ሦስቱን ጻፍኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ የአንተ ስም ነው፤ ጉዳዩ፦ የሥራ መልቀቂያ ስለማቅረብ። መጀመሪያ የሌላ ይመር መሰለኝ። አንብቤ ስጨርስ ግን የእኔው ነው። እንዴት ያማረ ማመልከቻ ነበር! ቅሬታ የለበት፣ ስሞታ የለበት፤ ለተሰጠኝ ዕድል አመሰግናለሁ ይላል፣ የሚተካኝን ሰው ሥራውን አሳየዋለሁ ይላል፣ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያዬ የሚያበቃው በጳጉሜ መጨረሻ ነው ይላል። ከሥሩ እንደ ደንቡ የዘመኑ መፈክር፣ እናት ሀገር ወይም ሞት የሚለው። ከዚያ ግልባጭ፦ ለሠራተኛ አስተዳደር፣ ለሒሳብ ክፍል። የእኔ ስም የለም።

ደሜ ፈላ። በእኛ ዘመን የመንግሥት ሥራ በገዛ ፈቃድ መልቀቅ እንደ መሸፈት ነው የሚቆጠረው፤ ባሏ ይህን ሲያስብ ሚስት ከረቂቅ ላይ ነው የምትሰማው? በመስኮቷ አንገቴን አስግጌ፣ ለሒሳብ ክፍል እንኳ ግልባጭ ስታደርግ ለእኔ የለኝም ወይ አልኩህ። አንተ ግራ ቀኝህን አየህና፣ ራስሽ የጻፍሽውን ምን ግልባጭ ትፈልጊያለሽ ብለህ ሳቅክ። ያ ሳቅህ ነው ያቃጠለኝ። ማመልከቻህን አንድ ፊደል ሳልስት ጻፍኩልህ፣ በመስኮቷ ወረወርኩልህ፣ አኮረፍኩህም። አሥራ አንድ ቀን። ራትህን አቀርባለሁ፣ ሸሚዝህን አጥባለሁ፣ ቃል ግን የለም። ተጠርቼ ብጠየቅ አስቀድሜ አላውቅም ነበር ማለት እንድችል ብለህ እንደደበቅኸኝ የገባኝ ከቀበርኩህ በኋላ ነው።

ጓድ ታደለ ማመልከቻህን በወጉ ያነበበውም አይመስለኝ። እንደ ሌላው ሁሉ ከጎኑ በቀይ ጻፈበትና መለሰልህ፦ ይቀመጥ። አንተም የራስህን መልቀቂያ ቁጥር ሰጥተህ ከቁልሉ ላይ አስቀመጥከው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ወባው አንቀጥቅጦ ጣለህ። እህል የጫነ መኪና ለምነን ከጆንያው ላይ አስተኝተን ወደ ወልድያ ይዘንህ ወጣን። ጭንቅላትህ ጭኔ ላይ ነበር። ዓይንህን ገለጥ አድርገህ፣ ዛሬ እኮ አልፈረምኩም አልክ። የጠዋቱን የሰዓት ፊርማ ማለትህ ነበር። እኔም ዝም በል አልኩህ። በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ውስጥ የነገርኩህ አንድ ቃል እሱ ነው፣ ዝም በል። አንተም ዝም አልክ። ወልድያ ስንደርስ ከመኪናው ያወረዱህ ሰዎች ወደ ሐኪም ቤቱ አላስገቡህም፣ ለእኔ ነጠላ አምጡላት ነው ያሉት።

ከሰባትህ በኋላ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ልፈርም የሰዓቱን መዝገብ ገለጥኩት። የእኔ ረድፍ ባዶ ነው፣ ሐዘን ላይ ስለነበርኩ። የአንተ ግን ሙሉ ነው። የሞትክበት ቀን፣ አንድ ሰዓት ከሃምሳ፣ ፊርማህ። በዚያ ሰዓት ራስህ ጭኔ ላይ ነበር። የተቀበርክበት ቀን፣ ቢሮው ተዘግቶ ሁላቸውም ቀብርህ ላይ የዋሉበት ቀን፣ አንድ ሰዓት ከሃምሳ፣ ፊርማህ። በማግሥቱም፣ በሠልስትህም፣ እስከዚያች ጠዋት ድረስ። መጨረሻ ላይ ወደ ላይ የምታጥፋት ጅራቷ ሳትቀር። እሑድን ዘለሃል። ሞተህም እሑድ አትሠራም።

ወንበር ይዤ ቆምኩ። ዘበኛችን ጋሼ እንድሪስ ከበሩ ሆነው ያዩኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም ነበር፣ አሉኝ፣ አዑዙ ቢላሂ እያሉ። ጠዋት በሩን ስከፍት መዝገብ ቤት ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ እሰማለሁ፣ ገብቼ ሳይ ወንበሩ ከጠረጴዛው ተስቦ አገኘዋለሁ፣ መልሼ አስጠጋዋለሁ፣ በማግሥቱ ደግሞ ተስቧል። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ልጄ፣ ሰውዬው እኮ ይቀመጣል አሉኝ። እርስዎ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይናገሩ ብዬ ተቆጣኋቸው። 

ጓድ ታደለም አየው። የፀረ አብዮተኞች ሥራ ነው አለ፣ ፊርማህን በቀዩ እስክሪብቶ ሰረዘው፣ ሁላችንንም አሰልፎ ባዶ ወረቀት ላይ አሥር አሥር ጊዜ አስፈረመን። ያቺን ጅራት የሚያወጣ አንድም እጅ አልተገኘም። በማግሥቱ ከስርዙ ቀጥሎ ፈርመሃል። ከዚያ ወዲህ ጓድ ታደለ መዝገቡ ወዳለበት ጠረጴዛ አይቀርብም፤ ለራሱ ሌላ ደብተር አስመጣ።

እኔ እልኸኛ ነኝ፣ ታውቀኛለህ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መዝገቡን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኩት። የልብስ ሣጥናችን ውስጥ ቆለፍኩበት፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ ካለው ማተቤ ጋር አሰርኩት። እሑድ ቀኑን ሙሉ ሣጥኑ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ ማለት እችላለሁ። ሰኞ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ቤቱ ብርሃን ከሆነ በኋላ ከፈትኩት። የሰኞው ረድፍ ላይ ፈርመሃል። ጣቴን ባሳርፍበት ቀለሙ ገና አልደረቀም፣ ጣቴ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ያን ጣቴን ቀኑን ሙሉ አልታጠብኩትም፣ ይመሬ። ፈርቼ ነበር፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ይህን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እናገራለሁ።

ከዚያ በኋላ ለራሴ አንድ ሒሳብ አወጣሁ። ይመር ሰው ነው፣ አልኩ፣ አንድ ወር እሠራለሁ ብሎ ፈርሟል፣ ወሩ ሳይሞላ ስለተወሰደ የቀረውን ቀን እየሞላ ነው፤ ጳጉሜ ስታልቅ እሱም ያርፋል። እና ቀኑን እየቆጠርኩ ከአንተ ጋር ሠራሁ። ጠዋት ስገባ ፊርማህን አያለሁ፣ ከጎኑ እፈርማለሁ። በመስኮቷ በኩል ግን ቀና ብዬ አላይም ነበር። ማኩረፌን አልተውኩም ብለህ እንዳታስብ፤ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ባየው ይሻላል ወይስ ባዶ ባይሆን ይሻላል የሚለውን መወሰን አቅቶኝ ነው።

ጳጉሜ አለቀች። ዕንቁጣጣሽ አለፈ፣ በማግሥቱ የአብዮት በዓል ሰልፍ ወጣን፣ መስከረም ሦስት ቢሮ ተከፈተ። መዝገቡን ስገልጥ ፈርመሃል። ግን ያች ፊርማ ደክማ ነበር። ጅራቷ ወደ ላይ አልወጣችም፣ ወደ ታች ተንጠልጥላ ከረድፉ ወጥታለች። በማግሥቱ ይብስ ደክማለች። በሦስተኛው ቀን ከስምህ ግማሹ የለም። ያኔ ደስታዬ ጠፋ። የምታርፍበት ጊዜ አልፎ ማረፍ ያልቻልክ ሰው ሆንክብኝ።

ጋሼ እንድሪስ ያሉት ቃል ትዝ ያለኝ በዚያች ጠዋት ነው። ይቀመጣል። ሮጬ መዝገብ ቤት ገባሁና ከቁልሉ ማመልከቻህን አወጣሁ። የራሴ ታይፕ፣ የአንተ ፊርማ፣ ከጎኑ በቀይ ትልቅ ሆኖ የተጻፈ ቃል፦ ይቀመጥ። ጓድ ታደለ ወረቀቱን ነበር ያለው። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ግን የአንተ ነው፣ አንተ ደግሞ ከበላይ የመጣ ትእዛዝ ሳትፈጽም ቀርተህ አታውቅም። ይቀመጥ ተባልክ፣ ተቀመጥክ። መልስ ካልተጻፈልህ ማን ተነሥ ይበልህ?

እዚያው ቆሜ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ታይፕ መኪናዬ ፊት ቁጭ ብዬ ዋናውንና አንድ ቅጂ በካርቦን አድርጌ ጻፍኩልህ። ባቀረቡት ማመልከቻ መሠረት፣ የአንድ ወር ግዴታዎን በሙሉ ስለፈጸሙ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ተሰናብተዋል፤ ለአገልግሎትዎ ከልብ እናመሰግናለን። ዕድሜዬን አንተ ስልህ ኖሬ እዚያ ወረቀት ላይ አንቱ አልኩህ። መፈክሩን አልጻፍኩም። በአንተ ደብዳቤ ግርጌ ሞት የሚለውን ቃል ሁለተኛ ልጽፍ አልቻልኩም፤ ቢታወቅብኝ ምን እንደሚያስከትል አላጣሁትም፣ ቢሆንም ተውኩት። ጓድ ታደለ ዘንድ ገብቼ ፊቱ ዘረጋሁት። አነበበው፣ መፈክሩ እንደጎደለ ማየቱን እርግጠኛ ነኝ። ፈረመ፣ ማኅተሙን ራሱ መታበት። ማን ያደርስለታል ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። እኔ አልኩት።

ሁለቱንም ጠረጴዛህ ላይ፣ ከወንበሩ ፊት አስቀመጥኩ። እስክሪብቶህንም ከጎኑ። ይመሬ ሂድ ማለት ፈልጌ ነበር፣ አልወጣልኝም። በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ ወረቀቶቹ የሉም። ጓድ ታደለ ያነሣቸው መስሎኝ አልጠየቅሁም። ወንበሩ ጠረጴዛው ሥር ገብቷል። ጋሼ እንድሪስ አልሐምዱሊላህ አሉ። የአንተ ረድፍ ባዶ ነበር። ሰዎች በቀብርህ ቀን እንዳላለቀስኩ አምተውኛል አሉ፤ በዚያ ባዶ ረድፍ ላይ ያለቀስኩትን ስላላዩ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የበላኝ ነገር ይኸውልህ። ከአኩራፊ ሚስት ጭን ላይ ሞትክ፣ ቢሆንም ተመልሰህ መጣህ፣ እኔ ደግሞ እንደ ባዕድ አንቱ ብዬ፣ ማኅተም አስመትቼ አባረርኩህ። ይቅር ሳንባባል። ይቅር ብለኸኝ ሂድ ብሎ መጻፍ በመሥሪያ ቤት ወረቀት አይቻልም።

የአንተን ቦታ ለእኔ ሰጡኝ። በዓመቱ ጓድ ታደለ ተዛውሮ ሄደ፤ ያን ቁልል አንድ በአንድ ለባለጉዳዮቹ መለስኩ። አብዛኛው ላይ ደብዳቤዎ ደርሶናል፣ ስለ ዘመድዎ እስካሁን የሰማነው የለም ከማለት በላይ የምጽፈው አልነበረኝም። ቢሆንም መልስ ነው፣ ጨብጠውት ይሄዱ ነበር። የመጨረሻው የወጣው ባለፈው ሰኔ ነው። እኔም መልቀቂያዬን በነሐሴ አስገባሁ፤ አዲሱ ኃላፊ ፊት ቆሜ፣ ጓድ፣ እባክዎ ይቀመጥ ብቻ እንዳይሉብኝ አልኩት። ምኑም አልገባውም፣ ፈረመልኝ።

ትናንት ለርክክቡ የሠራተኞች የግል ማኅደር ያለበት የብረት ሣጥን ተከፈተ። ቁልፉ ሁልጊዜ ከኃላፊ ጋር ስለነበር እጄ ገብቶበት አያውቅም። ማኅደሮቹ በፊደል ተራ ናቸው። የሺ ብዬ የራሴን ስስብ ሌላ አብሮት መጣ፤ እርጥበቱ አጣብቋቸው ነበር። ይመር ይላል። ለካ እኔና አንተ በአንድ ፊደል ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠን ኖረናል።

ከፈትኩት። ከላይ ያለው የዚያ ደብዳቤ ቅጂ ነው። ዋናው የለም፣ ይዘኸው ሄደሃል። ተሰናባች በሚፈርምበት ቦታ ላይ በሰማያዊ ቀለም፦ ደርሶኛል። አንድ ሰዓት ከሃምሳ። ፊርማህ፣ ጅራቷ እንደ ድሮዋ ወደ ላይ ወጥታለች። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ቸኩዬ ከሥራ የሚለውን በእሳቱ ሰ ጽፌው ኖሯል፤ ከብበህ አርመኸዋል። ሣጥኑን ይዤ እንደ ዕብድ ሳቅሁ፣ ተረካቢዋ ልጅ ደነገጠች። ከዚያ ዓይኔ ወደ ግርጌው ወረደ። እኔ የጻፍኩት ሁለት መስመር ነበር፦ ግልባጭ፣ ለሠራተኛ አስተዳደር፣ ለሒሳብ ክፍል። ከሥሩ ሦስተኛ መስመር አለ፣ በእጅህ የተጻፈ።

ለባለቤቴ ለየሺ።

የቢሮ ቅጂ ስለሆነ ይዤው አልወጣሁም፤ እንዲህ ባደርግ አንተ ራስህ ትከስሰኝ ነበር። ሐራ እወርዳለሁ። ኮትህን ይዤ እሄዳለሁ፣ ብርቱካንዋንም ለጎረቤት አደራ ብያለሁ፣ ጎምዛዛም ቢሆን ያንተ ናት። እናትህ በስምህ ሲጠሩኝ በሕይወት እስካለሁ ድረስ አቤት እላለሁ፣ ስምህ በቤታቸው መልስ አያጣም። ማኅደርህን ከመዝጋቴ በፊት ግን እስክሪብቶ ተዋስኩና፣ ግልባጭ እንደደረሰው ሰው፣ ከእጅ ጽሑፍህ ሥር እኔም ጻፍኩ።

ደርሶኛል። የሺ።